ከአምስተኛው ቤት

የመጀመሪያው ካፖ እርሳስ ነበረ፣
የያፌት፣ ጫፉ የተሰበረ።
ጋሽ ዳንጊሶ ከባጃጅ ጋራዡ
ከመነዳሪ ቀዶ፣ እንደ ቀጭን መቀነት፣
እርሳሱን ጠፈረው በጊታሬ አንገት።
«ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?» አለኝ እየሳቀ፣
ከጥፍሩ ሥር ግራሶ እንደተደበቀ።

«ልጄ ድምፁ ቀጭን ነው፤ እኔ ደግሞ ጣቴ
ሀብቱ አራት ኮርድ ነው፣
ከዚያ ወዲያ ልሂድ ብል ይጠፋኛል ቤቴ።
ይሄ ሲነክስልኝ ግን፣ ጣቴ እንዳለ ካለበት
ድምፁ ብቻ ሽቅብ ይወጣል፣ ወደ ልጄ ቤት።»
«ገባኝ» አለ ጋሽ ዳንጊሶ። አልገባውም።
የጎማውን ግን አላስከፈለኝም።

ከብረት እስከ ብረት ያለውን ክፍተት
እኔ ቤት እለዋለሁ፤
ያፌት በስምንት ዓመቱ
አምስተኛው ቤት ይኖር ነበር።

ሀዋሳ ለእንጨት አትመችም፤
ጠዋት የሐይቁ እርጥበት፣ ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል፣
ማታ ያስተኛሁት ቅኝት ሲነጋ ሌላ ሆኖ ያድራል።
ካፖ ሲጨመርበትማ!
ክር ሲጫኑት ይሳባል፣ ሲሳብ ድምፁ ይቀጥናል፤
ሦስተኛዋ በተለይ፣ ያቺ ሶል፣ ያቺ ቀልቃላ፣
ጠበቅ ካደረጓት ዘላ ትወጣለች ከእህቶቿ ተነጥላ።

ስለዚህ መጀመሪያ ባዶውን መቃኘት፤
ከዚያ ካፖውን፣ ብረቱ ላይ ሳይሆን፣ ከብረቱ ኋላ ማስጠጋት፤
እጅን ቀስ አድርጎ ማንሳት፤
ደግሞ መቃኘት።
ልጅ ይሄን አይወድም።
«በቃ ደህና ነው፣ እማ!» ይለኛል ጀሪካን ላይ ተቀምጦ፣
ከአሞራ ገደል ያመጣሁለትን የዓሣ አጥንት መጥጦ።
«ደህና ሌላ፣ ልክ ሌላ» እለዋለሁ እኔ፣
ጆሮዬ ከእንጨቱ ተለጥፎ፣ ተከድኖ ዓይኔ።

ኋላ ከፒያሳ እውነተኛ ካፖ ገዛሁ፣
ብረት፣ የሚያብረቀርቅ፤
ሲነክስ አይምርም፣ ስድስቱንም ክር አስጮኸ።
ጋሽ ዳንጊሶ ስፕሪንጉን አገላብጦ አይቶ
«የሲኖትራክ ነው እንዴ?» አለና
በፒንሳ አላላው፣ ጥቂት ብቻ፣
እንደሚያስነጥሰው ሰው ትንፋሹን ገትቶ።

ከዚያ ያፌት ቤት መቀየር ጀመረ።
«ዝቅ አድርጊው» አለኝ አንድ ቀን፣ ወደ አራተኛው ወረድን።
በክረምቱ ሦስተኛ። ፍቼ ሲደርስ ሁለተኛ።
አከራይ እንዳስወጣው ሰው
ጓዙን ይዞ ቁልቁል፣ ከደረጃ ደረጃ።

አንድ ማታ ዘፈኑ መሃል ድምፁ ተሰነጠቀ፤
ግማሹ የልጄ ነበረ፣
ግማሹ የማላውቀው ሰው፣ ከጓዳ የዘለቀ።
አባ ኮዳው ከጎረቤት ጣሪያ ተነሥቶ በረረ።
«ጊታሩ ነው» አለ ያፌት፣ ፊቱን አዙሮ፣ ጆሮው ቀልቶ።
ስድስቱንም ነካካሁ፤
አንዷም አልዋሸችም።
«ልክ ነህ፣ ጊታሩ ነው» አልኩት፤
የአንዷን ቁልፍ ሩብ ዙር አዞርኩ፣
ሩብ ዙር መለስኩ።

አሁን ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ።
ካፖው ከጊታሩ አናት ላይ ሥራ ፈቶ ሰነበተ፣
የሚነክሰው ክር የለውም፣ እንጨት ይዞ ብቻ።
ትናንት ሲነጋጋ ገባ፤ ጫማውን ሳያወልቅ
ጊታሩን አነሣ።
ያለ ካፖ። ወፍራም ድምፅ፣ ከእኔ በታች፣
ከምድር ቤት የሚመጣ።
ልከተለው ሞከርኩ፤ ጉሮሮዬ እዚያ ድረስ አይወርድም፣
ደፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ።
አቆመ። አየኝ።
ካፖውን ከአናቱ ነቀለና
ሦስተኛው ቤት ውስጥ፣ ከብረቱ ኋላ፣
ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።
«ላንቺ ነው» አለ።
ጆሮውን ከእንጨቱ ለጠፈ።
«በቃ፣ ደህና ነው» አልኩት።
አልመለሰልኝም፤
ሶሏን እየቃኘ ነበር።